ፌብሩዋሪን የመረጠው መንግሥት አይደለም

አሜሪካ ውስጥ ፌብሩዋሪ «የጥቁሮች ታሪክ ወር» ተብሎ ይከበራል። «የአሜሪካ መንግሥት ለጥቁሮች ታሪክ ሆን ብሎ አጭሩን ወር ሰጠ» ላልከው ወንድሜ፦ ወሬው ጆሮ ይስባል፤ እኔም ለዓመታት አምኜው ነበር። ግን ልክ አይደለም።

የመረጠው ራሱ ጥቁር ነው። ከባርነት ከወጡ ወላጆች የተወለደው የታሪክ ምሁር ካርተር ዉድሰን። በ1926 (እ.ኤ.አ.) ሲጀምረው ደግሞ ወር እንኳ አልነበረም፤ አንድ ሳምንት ነበር። ፌብሩዋሪን የወሰደው ጥቁሮች ቀድሞውኑ የሁለት ሰዎችን ልደት ያከብሩበት ስለነበር ነው፤ የፕሬዚዳንት ሊንከንን በ12፣ የፀረ ባርነት ታጋዩን የፍሬድሪክ ዳግላስን በ14። (ዳግላስ ባርነት ውስጥ ስለተወለደ ትክክለኛ ቀኑን አያውቅም ነበር። 14ን ራሱ ነው የመረጠው።) ሳምንቱ ወደ ወር ያደገው በ1976 ነው። ፕሬዚዳንት ፎርድም እውቅና ሰጡት እንጂ ሐሳቡ የሳቸው አልነበረም።

«ቤተ መጻሕፍትም የጥቁሮችን ታሪክ መጽሐፍ የሚያወጡት በፌብሩዋሪ ብቻ ነው» ያልከው አንዳንድ ቦታ እውነት ይሆናል። በኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሀርለም ግን አይሠራም። እዚያ ያለው የሾምበርግ ማዕከል የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አካል ነው፤ ሥራው የጥቁሮች ታሪክ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ። መሠረቱ የፖርቶ ሪኮው ተወላጅ አርቱሮ ሾምበርግ ዕድሜውን ሲለቅመው የኖረው መጽሐፍና ሰነድ ነው። ስብስቡም በዚያው በ1926፣ በ10,000 ዶላር ተገዛ።

ከሄድክ ወለሉን አጎንብሰህ እይ። ክብ ሥዕል አለ፤ የባለቅኔው ላንግስተን ሂውዝ አመድ ያረፈው ከሥሩ ነው።