600 ዶላር ለዱላ

ቅዳሜ ማለዳ ነው። ጤዛው ገና አልደረቀም። ዋሽንግተን ዲሲ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር፣ ላንግስተን ጎልፍ ሜዳ መነሻው ላይ ቆመናል። አራት ሐበሾች ነን። ሦስታችን ቡናችንን ይዘን እናዛጋለን። አራተኛው ግን ክርስትና የሚያነሳ ሰው ሕፃኑን እንደሚያቅፍ አዲሱን ድራይቨር በሁለት እጁ ከቦርሳው አወጣ። ጭንቅላቱ ላይ የተለጠፈችውን ስስ ላስቲክ ቤቱ አልላጣትም። ለእኛ አስቀምጦልናል። በጥፍሩ ጫፍ ያዘና ቸርርር አድርጎ ፊታችን ላጣት። ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ ቦርሳ ወርወር አድርጎ፣ "አንተ፣ ይሄን ነገር እስካሁን አልጣልከውም?" አለኝ።

ይሄን ነገር!

ጎልፍ ለማትጫወቱ፣ ድራይቨር ማለት ቦርሳው ውስጥ ካሉት ሁሉ ረጅሙና ጭንቅላቱ ትልቁ ዱላ ነው። ሥራው ኳሷን ከመነሻው አርቆ መላክ ነው። ጭንቅላቱን የሚሸከመው ረጅሙ ዘንግ ሻፍት ይባላል። የእኔ ፒንግ ጂ15 ነው፣ የ2009 ስሪት። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሽማግሌ ጋራዣቸው በር ላይ የቤታቸውን ዕቃ ዘርግተው ሲሸጡ በ40 ዶላር ገዛሁት። ሦስት ኳስና አንድ ጃንጥላ መርቀውልኛል። ጃንጥላው በዓመቱ ተሰበረ። ዱላው አለ።

ጓደኛዬ መታ። ድምፁ ያምራል፣ አልዋሽም። ኳሷ ተነሳች፣ ከፍ አለች፣ ከዚያ የረሳችው ዕቃ ያለ ይመስል ወደ ቀኝ ታጥፋ ዛፎቹ ውስጥ ገባች። ማንም ትንፍሽ አላለም። እሱ ዱላውን ገልበጥ አድርጎ አየና ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ሻፍቱ ነው።"

600 ዶላር የወጣበት ዱላ፣ ላስቲኩ ከተላጠ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው፣ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ።

"አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" የሚባለው ይሄ ነው። ይህን ተረት ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ። ማሰሪያ አንቀጽ እንኳ የለውም። ዳውላውን ምን አደረገው? መታው? ሰደበው? ከሰሰው? ለሰሚው ተትቷል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ዳውላ አጥተን አናውቅም። አለቃው የተቆጣው ሰው መንገድ ላይ ጥሩምባውን ያንባርቃል። እንጀራው ዓይን አላወጣ ካለ ጥፋቱ የቨርጂኒያ ውሃ ነው። ውሃው ካልሆነ ጤፉ ነው፣ ጤፉ ካልሆነ ምጣዱ ነው፤ ስለዚህ አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገዛል፣ አሮጌው ጋራዥ ይገባል፣ አዲሱም ላይ እንጀራው እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፍኖ ይወጣል። ጋራዣቸው ውስጥ ሦስት ምጣድ የተደረደረላቸው ሰዎች አውቃለሁ። እነማን እንደሆኑ አልናገርም፣ ማታ እራት መብላት እፈልጋለሁ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ተፈትኜ ነበር። አዲስ አበባ ለእናቴ ደውዬ በወሬ መሐል፣ "እማዬ፣ ድራይቨር ልገዛ እያሰብኩ ነው" አልኳት።

"እሰይ! ሾፌር ልትቀጥር ነው? እንኳን፤ ነድተህ ነድተህ ወገብህ አለቀ" አለች። ታክሲ ስነዳ ነው የምታውቀኝ። ሾፌር ሳይሆን የኳስ መምቻ ዱላ መሆኑን አስረዳኋት። ዋጋውን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ዝም አለች። እያባዛች ነው። በዛሬ ምንዛሬ ከ60 ሺህ ብር በላይ ነው።

"ለዱላ?" አለች። "ማንን ልትመታ ነው ልጄ?"

ምን ልበላት? እኔ እኮ በገና ዱላ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ከኅዳር ጀምሮ ዛፍ ዛፉን እያየን፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ እየፈለግን ነው የምንሄደው። ያገኘነውን ቆርጠን፣ ልጠን፣ እሳት ላይ ለብለብ አድርገን አለቀ። ዋስትና የለ፣ ደረሰኝ የለ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" እየተባለ ትልቅ ትንሹ ሩሯን ሲያባርር ይውላል። ሩሯን ስቶ "ዱላው ነው" የሚል ልጅ ቢኖር የሚወርድበትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ይሄ ጓደኛዬም በልጅነቱ ገና ተጫውቻለሁ ይላል። የት ሰፈር እንደሆነ ግን ነግሮን አያውቅም።

እሺ፣ ወደ ድራይቨሩ። ድራይቨር ጣሪያ አለው። ድሮ ጭንቅላቱ እንጨት ነበር። ይሄ የቆምንበት ሜዳ በ1939 በ9 ጉድጓድ ሲከፈት፣ ሌላ ቦታ አትገቡም የተባሉት የዋሽንግተን ጥቁር ጎልፈኞች የሚመቱት በእንጨት ነበር፤ አንዳቸውም ቆመው "ሻፍቱ ነው" ሲሉ አይታየኝም። በ1979 የብረቱ ራስ ገበያ ላይ ወጣ። በ1991 ካላዌይ የተባለው ኩባንያ ቢግ በርታ የሚባለውን ይዞ መጣ። ከዚያ ታይታኒየም ገባና ጭንቅላቱ እንደ ዱባ ያብጥ ጀመር። የጎልፍ ሕግ አውጪዎቹ ደነገጡ። በ1998 ፊቱ ኳስ በሚያስፈነጥርበት አቅም ላይ ገደብ ጣሉ። በ2004 ደግሞ ጭንቅላቱ ከ460 ሲሲ እንዳይበልጥ ወሰኑ። እንግዲህ የእኔ የ40 ዶላሩም የእሱ የ600 ዶላሩም አንድ ጣሪያ ሥር ነው ያሉት።

አዲሶቹ ምንም ለውጥ የላቸውም አልልም። መሐሉን ስትስት ጭንቅላቱ እጅህ ላይ እንደ ድሮው አይጠማዘዝም፣ ኳሷም ፍጥነቷን ያን ያህል አታጣም። ጥፋትህን ይሸፍኑልሃል። ለእንደኛ ዓይነቱ መቺ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኔን የሚያበሽቀኝ በየጃንዋሪው የሚመጣው ማስታወቂያ ነው። ሁሌም ከአምናው ይርቃል ይላል። የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ከ2009 ወዲህ የተጨመረው ያርድ ተደምሮ ዛሬ ኳሴ ባልቲሞር ትወድቅ ነበር። በዚያ ላይ አዲስ ሲወጣ የአምናው ዋጋው ይወርዳል። አምና "ከዚህ በላይ አይሠራም" የተባለው እሱ ራሱ እኮ ነው!

ሄጄ ተለክቻለሁ። ኳሷ ስትነሳ ፍጥነቷን፣ ከፍታዋን፣ ሽክርክሪቷን የሚያነብ መሣሪያ አለ። አሮጌውን ይዤ ገባሁ። ሻጩ ልጅ አሮጌውን ሲያይ ያስተዛዘነኝ አስተያየት የለቅሶ ቤት ነበር። በአሮጌው 10 ኳስ፣ በአዲሱ 10 ኳስ መታሁ። ልጁ ከአዲሱ አንዷን ምርጥ ኳስ መርጦ "አየህ!" አለኝ። "ወንድሜ፣ አማካዩን አሳየኝ" አልኩት። ልዩነቱ 4 ያርድ ሆኖ ተገኘ። አራት እርምጃ መሆኑ ነው። አንዱ እርምጃ 150 ዶላር! በዚህ ሒሳብ እኮ መኪና ማቆሚያው ድረስ በእግሬ ስሄድ ሀብታም ነኝ። ደግሞ ድራይቨር በ18 ጉድጓድ ቢበዛ 14 ጊዜ ያህል ነው የሚወጣው። ፓተር፣ ኳሷን ገፋ አድርጎ ጉድጓድ የሚከተው ዱላ፣ ከ30 ጊዜ በላይ ይወጣል። አዲስ ፓተር ገዝቶ ጓደኞቹ ፊት ላስቲክ የላጠ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

የሻፍቱ ነገር ደግሞ አለ። ሻፍት እንደ መቺው ፍጥነት ለስላሳም ጠንካራም ይሠራል። ቀስ ብሎ ለሚመታ ለስለስ ያለው ይሻለዋል። ሲያሳዝን አንዳንዱ ላይ "ሲኒየር" ተብሎ ተጽፎበታል። በፓስፖርቱ 54፣ በእናቱ ቆጠራ 60፣ በፌስቡክ 47 የሆነ ሐበሻ ሲኒየር የተጻፈበት ዱላ ይገዛል? ጉልበቱን ቅባት እየተቀባ "ስቲፍ፣ ጠንካራውን ስጠኝ" ይላል። ያ አልበቃው ብሎ የፊቷ ዘንበል ማለት ትንሽ የሆነችውን፣ ባለ 9 ዲግሪዋን ጭንቅላት ይጨምርበታል፤ ፕሮዎቹ የሚመቱበት ነዋ። ኳሷ ከመሬት አልነሳ ስትል ጥፋቱ የማን ነው? የዳውላው።

ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ወገናችን ሞቶ አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ሲሰበሰብ "ይሄ ወር ከብዶኛል" ብለው 20 ዶላር የሰጡ ሰዎች ነበሩ። 20 ዶላር መስጠት ነውር አይደለም፣ የሌለው ሰው ምን ያድርግ። ግን በሳምንቱ እዚሁ ሜዳ ላይ ላስቲክ ሲላጥ አይቻለሁ። አየሁ እንጂ ምንም አላልኩም። ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቂም ካነሳሁ አይቀር፣ ዕቁቡን ልናገር። በ2021 ነው። 20 ሰው ነን፣ በወር 500 ዶላር፣ የደረሰው 10 ሺህ ይዞ ይሄዳል። በሦስተኛው ወር ለእኔ ወጣ። ማታ ይሄው ጓደኛዬ ደወለ። "ወንድሜ፣ ልቀቅልኝ። አስቸኳይ ጉዳይ ገጥሞኛል። በስልክ የሚነገር አይደለም።" ድምፁ ዝቅ ብሏል። ወይ ታሟል፣ ወይ አገር ቤት ክፉ ነገር መጥቷል ብዬ ለቀቅኩለት። ባለቤቴ "ምን ሆነ?" ስትለኝ "በስልክ የሚነገር አይደለም" አልኳት። ለእኔ እስኪዞር በ19ኛው ወር ሆነ። እሱ በሁለት ሳምንቱ አዲስ ድራይቨር፣ ስሙ የተጠለፈበት አዲስ ቦርሳና አዲስ ጫማ አድርጎ መጣ። "ጉዳዩ ይሄ ነው?" ብለው፣ "አይ፣ ዋናው ለቤቱ ጣሪያ ነው፣ ይሄ የተረፈው ነው" አለኝ። ጣሪያውን ሄጄ አይቼዋለሁ። አንዲት ቆርቆሮ አልተነካችም። የዕቁቡ ዳኛም ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ እኔን ሲያይ ያስለዋል።

አዲስ ድራይቨር መቼ ነው የሚገዛው ላላችሁኝ፣ መሣሪያው ላይ አማካዩ ከአራት እርምጃ በላይ ካሳየ፣ ወይ ዕድሜ ገፍቶ እጅ ፍጥነት ካጣ፣ ወይ ያለው ከተሰበረ ነው። ሌላው ወሬ ነው። ይህን ቅዳሜ እዚያው እየተጓዝን ስሰብክ ነበር። 9ኛው ጉድጓድ ላይ ደርሰን መታሁ። የወትሮው ድምፅ ጥርት ያለ "ጧ" ነው። አሁን "ቋ" አለ፣ የተሰነጠቀ ገል የተመታ ይመስል። አነሳሁት። ከፊቱ ወደ አናቱ ፀጉር የምታክል መስመር ወጥታለች። በአውራ ጣቴ ስጫናት ትላወሳለች።

አራታችንም ከበብነው። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ፣ ለቀልድ ይሁን ለለቅሶ አልገባኝም። ጓደኛዬ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

"አይዞህ" አለኝ። "ያኛው፣ የ2021ዱ፣ ቤት ተቀምጧል። 200 ዶላር ስጠኝና ውሰደው። ለአንተ ስለሆነ ነው።"

ቃል አልወጣኝም።

"ሻፍቱን ብቻ ታስቀይረዋለህ" አለኝ።