እርማት፦ ሐበሻም ከፍታ ያመዋል

ወንድሜ፣ ኔፓል ተራራ ለመውጣት ለሚሄዱ የጻፍከው ምክር ደስ ይላል። አንዷን ግን ላርም፦ «እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም» ያልካትን።

ከጅማ እንነሳ። ከተማችን 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ ከእኛም ዝቅ ትላለች፣ 1,400 አካባቢ። የኤቨረስት መነሻ ካምፕ ግን 5,364 ሜትር ነው። ራስ ደጀን ራሱ እዚያ አይደርስም! ሰውነት የሚለምደው ሰሞኑን ያደረበትን ከፍታ ነው፣ የአያቱን አገር አይደለም። ጉልበትም አያድንም። ኳስ ተጫዋቹ ጎረምሳ ሁሉን ቀድሞ ይወጣና ማታ ራሱን ይዞ ይቀመጣል።

ከ3,000 ሜትር በኋላ የዛሬ ማደሪያህ ከትናንቱ በ500 ሜትር አይብለጥ። በየ3 ወይም 4 ቀኑ አንድ ቀን እረፍ። ብዙ ተጓዥ ወደ ኤቨረስት በሚወስደው መንገድ ባለችው ናምቼ ባዛር፣ 3,440 ሜትር ላይ፣ ሁለት ሌሊት የሚያድረው ለገበያው ብሎ እንዳይመስልህ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረህ እስኪተውህ ድረስ ወደ ላይ አትሂድ። እንደ ሰካራም ከተንገዳገድክ፣ ወይም ቁጭ ብለህም ትንፋሽ ካጠረህ፣ ሌሊትም ቢሆን ውረድ።

ቡናህን ጠጣ፣ ችግር የለውም። አረቄዋን ግን ለመልስ አቆያት።