ማስተካከያ፦ የክሪስቲን ሲንክሌር ጎሎች 191 ሳይሆኑ 190 ናቸው

ስለ ካናዳዊቷ አጥቂ ክሪስቲን ሲንክሌር ባወጣነው ጽሑፍ ሁለት ስህተቶች አሉ። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ስዊድን ላይ የአቻነቷን ጎል ያስቆጠረችው እሷ እንደሆነች ጽፈናል፤ የዓለም ዋንጫ የጎል ክብረ ወሰንም የእሷ ነው ብለናል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

የጨዋታው ይፋዊ ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 2021 ዮኮሃማ ላይ ሲንክሌር በሳጥኑ ውስጥ ጥፋት ተሠርቶባት፣ በቪዲዮ ረዳት ዳኛ (ቫር) ታይቶ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። መትታ ያገባችው ግን የቡድን ጓደኛዋ ጄሲ ፍሌሚንግ ናት። ሲንክሌር በ86ኛው ደቂቃ ተቀይራ ስለወጣች በመለያ ምቱም አልተሳተፈችም። ብትሳተፍም ለውጥ አልነበረውም፤ የመለያ ምት ጎል በተጫዋች የጎል ድምር ውስጥ አይገባም። ካናዳ በመለያ ምት 3 ለ 2 አሸንፋ ወርቁን ወስዳለች።

191 የሚለው ቁጥር የመጣው ይህችን ጎል በመደመራችን ነው። በብሔራዊ ቡድን ይፋዊ መዝገብ ጎሎቿ 190 ናቸው፤ በወንዶችም በሴቶችም ከፍተኛው ነው። ስለዚህ ከአሜሪካዊቷ አጥቂ አቢ ዋምባክ (184) ያላት ብልጫ 7 ሳይሆን 6 ነው።

በዓለም ዋንጫ መድረክ ብቻ ከተቆጠረ ክብረ ወሰኑ በ17 ጎሎች የብራዚሏ ማርታ ነው፤ ሲንክሌር 10 አላት። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው በአምስት የተለያዩ የዓለም ዋንጫዎች ጎል ማስቆጠራቸው ነው፤ ለመደባለቁም መነሻው ይኸው ነው። የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁ በታረመው ተኩት።