«ዝም ብለው ኦኬ ይበሉት» ለምትሉ ወገኖቼ

ንዴቱ እስኪበርድልኝ ልጠብቅ ብዬ ነበር። አልበርድ አለኝ። ስለዚህ እንደተናደድኩ እጽፋለሁ። የምናገረውም ለእናንተ ነው፤ በቤተሰብ ውስጥ «እሱ ስልክ ይችላል»፣ «እሷን ጠይቋት፣ ኮምፒውተር ተምራለች» ለምትባሉት። ነገሩ የእናቶቻችን ስልክ ላይ ስላለው ብራውዘር፣ ማለትም የኢንተርኔት ገጽ ስለምንከፍትበት አፕ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ የደረሰባቸው ይበቃቸዋል። ልጃቸው ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። ከደመወዟ እየቀነሰች የምትልከው ብር ለቤታቸው ጣሪያ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲና ድስት ደርድረው ነው የሚያድሩት። ብሩ ባንክ ውስጥ 86 ሺህ ደርሶ ነበር። የቆርቆሮው ዋጋ ተጠይቋል፣ አናጢውም ቀን ተቀጥሮለታል።

ስልካቸው ርካሽ ነው። ሲገዛ አብሮት የመጣ ብራውዘር አለው። ጠዋት ስልኩ ገና ሲነሣ ይህ ብራውዘር ወሬውን ያዘንበዋል፤ የአርቲስት ፍቺ፣ የሩቅ አገር ጉድ፣ «አይፎን ደርሶዎታል»። እሳቸው ግን ከኢንተርኔት የሚፈልጉት መዝሙር ብቻ ነው። አንድ ቀን መዝሙር ሲፈልጉ የሆነ ገጽ ተከፈተና «ለመቀጠል አላው የሚለውን ይጫኑ» አለ። በእንግሊዝኛ ነው፤ «አላው» ፍቀድ ማለት ነው። ተጫኑት። ለመዝሙሩ የፈቀዱ መስሏቸዋል። የፈቀዱት ግን ያ ገጽ ከዚያ ቀን ጀምሮ በፈለገው ሰዓት ስልካቸው ላይ ኖቲፊኬሽን እንዲልክ ነው። ገጹን ቢዘጉት ይልካል። ስልኩን አጥፍተው ቢያበሩትም ይልካል።

ከዚያ ቀዩ መጣ። «ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል፣ አሁኑኑ ያጽዱ» የሚል፣ ትልቅ ቃለ አጋኖ ያለበት። ይህም በእንግሊዝኛ። እሳቸው ያዩት ቀይ ቀለሙን ብቻ ነው። ደነገጡ። ግን ዝም ብለው አልነኩትም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ያላወቁትን ሊጠይቁ ወጡ። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ወደሚነካካ የጎረቤት ልጅ ሄዱ። ልጁ በሶፍትዌር የተመረቀ ነው። «የኔ ልጅ፣ ይቺ ስልክ ምን እያለችኝ ነው?» አሉት።

ቀና አላለም። ይህን እሳቸውም ነግረውኛል፣ እሱም አልካደም። «እማማ፣ ዝም ብለው ኦኬ ይበሉት፤ ይጠፋል» አላቸው።

ኦኬ አሉት። አንድ አፕ ወረደ። ስልኩ ራሱ ደግ ሆኖ አንዴ ጠየቀ፤ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ነው፣ ይጫን ወይ? ኦኬ። አፑ ደግሞ ሌላ ፈቃድ ለመነ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ላንብብ፣ በእርስዎ ፋንታ ልንካ? ኦኬ። ይህ ፈቃድ ዓይናቸው ወይም እጃቸው ለደከመ ሰዎች መርጃ ተብሎ የተሠራ ነው። ሌባ እጅ ሲገባ ግን የሚጻፈውን ፒን ያነባል፣ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ይቀዳል፣ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ራሱ ብር ያስተላልፋል።

በሦስተኛው ሌሊት ብሩ ወጣ። ሁለት ቦታ ተከፍሎ ወደማያውቁት ሂሳብ ገባ፤ ከዚያም ወዲያው ተነሣ። ጠዋት መልእክቱን ያነበበላቸው የቆርቆሮውን ቀብድ ሊቀበል የመጣው አናጢ ነው።

ባንክ አብሬያቸው ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ አመናጨቀችን አልልም፤ ትሑት ነበረች። «እናቴ፣ በእርስዎ ስልክ፣ በእርስዎ ፒን ነው የተላከው» አለች። ውሸት አይደለም። አመልክቱ ተባልን፣ አመለከትን። ፖሊስ ጣቢያም ቃል ሰጠን። ምጣድ ላይ እንደነበሩ ነው የወጡት፤ ሲፈርሙ ጣታቸው ላይ ሊጥ ደርቆ ወረቀቱን አቆሸሸው። ይቅርታ ጠየቁ። ተዘርፈው ወረቀት ስላቆሸሹ ይቅርታ ጠየቁ!

ሌባውን ተዉት። ለሌባ እርግማን አለ፣ ቢያዝ ፍርድ ቤት አለ። እኔን ያንገበገበኝ ከሰዓት ቡናው ላይ የሆነው ነው። ለማጽናናት የመጣው ሰው ሁሉ ዳኛ ሆነ። «እንዴት ይሸወዳሉ?» «ያላወቁትን ለምን ይነካሉ?» እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ቡናውን ይቀዳሉ። ልጁም መጣ። ስልኩን ተቀብሎ አየት አደረገና ሳቀ። «ኧረ ይሄማ የታወቀ ነው፤ እኔ ስልክ ስገዛ መጀመሪያ የማጠፋው ይሄን ብራውዘር ነው» አለ።

ያውቅ ነበር! የራስህን ስልክ አሳየኝ ብዬ አየሁት። ፋየርፎክስ የሚባለውን ሌላ ብራውዘር ጭኗል፣ ማስታወቂያ የሚያግድም አክሎበታል፣ ኖቲፊኬሽኑ ሁሉ ዝግ ነው። ለራሱ በር ቆልፎ ነው ለጎረቤቱ «ዝም ብለው ኦኬ ይበሉት» ያለው። ይህን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ወገኖቼ፣ ያ ልጅ እኛ ነን። ለራሳችን አሪፉን ብራውዘር መርጠን የእናታችንን ስልክ ከሱቅ እንደወጣ የተውን እኛ ነን። ስንት ቤት ሄጄ አይቻለሁ። ልጅየው ሦስተኛ ስልኩን ቀይሯል፤ እናትየው በየደቂቃው ማስታወቂያ በሚዘል ስልክ ቄሱን ለመደወል ትታገላለች። «እማዬ ስልክ አትችልም» እንላለን። እስቲ እኛ በዚያ ስልክ አንድ ቀን እንዋልበት።

አንዳንዱን ነገር እረዳለሁ። እኛ ከብራውዘር ጋር የተዋወቅነው በችግር ነው። ኔትወርኩ ቀርፋፋ፣ ካርዱ ውድ በነበረበት ዘመን ኦፔራ ሚኒ ባለውለታችን ነበር። ገጹን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ጨምቆ፣ አሳንሶ ይልክልን ነበር። በአሥር ብር ካርድ ስንት ነገር አንብበንበታል! እኔ ክፉ አልናገረውም። ግን ልብ በሉ፤ በዚያ ከፍተኛ የመጨመቂያ ዘዴ የሚመጣ ገጽ መሀል ላይ በሌላ ሰው እጅ አልፎ ነው የሚመጣው። ዜና ለማንበብ ምንም አይደለም። የባንክ ነገር ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ያኔ ባንክ በስልክ አልነበረንም። አሁን ደመወዙም፣ እቁቡም፣ የመብራቱም ክፍያ እዚያው ስልክ ውስጥ ነው።

ዩሲ ብራውዘርም ነበር፤ አውራጁ ፈጣን ነው ብለን በፍላሽና በብሉቱዝ የተቀባበልነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ቡድን መርምሮት፣ የተጠቃሚውን መረጃ በቂ ምስጠራ ሳይኖረው እንደሚልክ አጋለጠ። ሕንድ በሰኔ 2020 ከቲክቶክ ጋር አብራ አገደችው። ዩሲ የቻይና ስለሆነ የሕንዱ እገዳ ውስጥ የድንበር ፖለቲካም ነበረበት፤ ብቻ የቶሮንቶው ምርመራ የፖለቲካ አይደለም።

ይኸው ሲቲዝን ላብ በ2017 መጨረሻ ስለኛው ሰው ጽፏል። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው ነበር። ሊንኩን ሲከፍቱ «ፍላሽ ማጫወቻዎን (ያኔ ቪዲዮ የሚታይበትን ፕሮግራም) ያድሱ» ይላቸዋል። ያደሱ መስሏቸው የጫኑት መሰለያ ነው። የተማሩ፣ ዓለም ያዩ ሰዎች ናቸው። «አድስ» የሚል የውሸት ሳጥን እነሱን ካታለለ፣ እንግሊዝኛ የማያነቡትን እናት «እንዴት ተሸወዱ» ማለት ምን የሚሉት ጀግንነት ነው?

ስለ መሥሪያ ቤቶቻችን ብዙ አልናገርም፤ ራሱን የቻለ ለቅሶ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ የድሮ ብራውዘሩን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን በሰኔ 2022 ቀብሮታል። የጎግሉ ብራውዘር ክሮም በዊንዶውስ 7 ላይ ማደስ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ 109ኛው ቁጥር ላይ ቆሟል። አሁንም የሰው ፋይል የሚከፈትባቸው፣ የማያድሱ ኮምፒውተሮች አሉ። በኢንተርኔት ቤት ደግሞ «ፓስወርዱ ይቀመጥ?» ሲል «ይቀመጥ» የሚል ሰው አይጠፋም።

የምትሉኝን አውቀዋለሁ። «ሁሉም ያው ነው፣ ጎግልም ይሰልላል» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ጎግል የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ክሮምም የእሱ ነው። ፋየርፎክስንም ቢሆን ሞዚላ የሚያስተዳድረው አብዛኛውን ከጎግል በሚያገኘው ገንዘብ ነው። ጻድቅ ፈልጉ አላልኩም። ግን ቢያንስ ተጠያቂ ያለው፣ ክፍተት ሲገኝበት ቶሎ የሚታደስ ብራውዘር አለ፤ ባለቤቱ በቅጡ የማይታወቅ፣ ኖቲፊኬሽን እያዘነበ የሚኖር ደግሞ አለ። ክሮም ከ2020 ጀምሮ በኖቲፊኬሽን የሚያታልሉ የታወቁ ገጾችን ያፍናል፤ አደገኛ ፋይል ሲወርድም ያስጠነቅቃል። ፋየርፎክስ በአንድሮይድ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ማገጃ ይቀበላል፤ የስልኩ ክሮም አይቀበልም። ብሬቭ ደግሞ ማገጃው አብሮት ነው የሚመጣው። የኔ ምርጫ ለእናቶች ፋየርፎክስ ከማገጃው ጋር ነው። ሌላ ብትመርጡም አልጣላችሁም።

«ፓኬጅ ይበላል» የምትሉም አላችሁ። ገልብጣችሁታል። ፓኬጁን የሚበላው ማስታወቂያው ነው። ማገጃ ያለው ብራውዘር ማስታወቂያውን ጭራሽ አያወርደውም። እናታችሁ አንድ የምግብ አሠራር ስትከፍት ከጽሑፉ በላይ የሚወርደው ቪዲዮና ባነር ነው። ወር ሳይሞላ አለቀ የምትሉት ፓኬጅ እዚያ ነው የገባው።

ሙሉ ዋስትና ነው አልልም። በቴሌግራም የተላከ የሌባ አፕ በየትኛውም ብራውዘር አይቆምም፤ ፒን በስልክ ለሚጠይቅ አጭበርባሪም ብራውዘር መድኃኒት የለውም። ግን የእኚህ እናት ነገር የገባው በብራውዘሩ በኩል ነው። ያ ብራውዘር ለመጣው ሁሉ በር የሚከፍት ዘበኛ ነበር። ዘበኛውን መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

አምስት ደቂቃ ስል እያጋነንኩ አይደለም። ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ ፋየርፎክስን ታወርዳላችሁ። ከፍታችሁ በሜኑው ውስጥ ዩብሎክ ኦሪጅንን ትጨምራላችሁ። ከዚያ ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ዲፎልት አፕስ ገብታችሁ ብራውዘር የሚለው ላይ እሱን ትመርጣላችሁ። ይህቺን የሚረሳት ብዙ ነው፤ ካልመረጣችሁት ሊንክ ሲነካ የድሮው ነው የሚከፈተው። ስልኩ የድሮውን ማጥፋት ካልፈቀደ «ዲሴብል» (ሥራ አስቁም) የሚል አለ፣ እሱን ተጫኑት። በአዲሱ ውስጥ ኖቲፊኬሽን ከየትኛውም ገጽ እንዳይጠየቅ ዝጉት። የመዝሙሩን ገጽ በፊት ለፊት ስክሪን ላይ አስቀምጡላቸው። የተለመደው ምልክት ሲጠፋባቸው ይቆጣሉ፤ እንግዲህ ቻሉት። እኛ ስንት ነገር ሰብረን ችለውናል።

እናንተም ሪያድ፣ ቤሩት፣ ዱባይ ያላችሁ እህቶቼ፣ ስልክ ገዝታችሁ በሰው እጅ ስትልኩ ካርቶኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ይህን አስተካክሉት። ብሩን የምታመጡት እናንተ ናችሁ፤ ሲጠፋም የሚያመው እናንተን ነው። የእኚህ እናት ልጅ ይህን ስትሰማ በስልክ ያለቀሰችውን ለቅሶ ሰምቻለሁ። «እማዬን እንዳትቆጧት» ነበር የምትለው።

ልጁ ሰሞኑን የራሱን እናት ስልክ ሲያስተካክል አየሁት። የእናቱን ብቻ። የጎረቤቱን ገና ነው። ሰላም አልኩት፤ ከዚያ በላይ ግን ከአፌ አልወጣም።

ይህን አንብባችሁ የምታልፉት እንደምትበዙ አውቃለሁ። «እውነቱን ነው» ብላችሁ ወደ ቀጣዩ ነገር ትሄዳላችሁ። እኔም ከዚህ በላይ መጮኽ ደክሞኛል። ብቻ በዓል ይመጣል፤ ቤተሰብ ጋ ትሄዳላችሁ፤ ዶሮው እስኪወጣ ድረስ ሁላችሁም ስልክ ነው የምትነካኩት። በዚያች ሰዓት የእናታችሁን ስልክ ተቀበሉ። ሁሉንም ማድረግ ከከበዳችሁ ኖቲፊኬሽኑን ብቻ ዝጉላቸው። እሱም ከከበዳችሁ፣ «ይሄ ምን ይላል?» ሲሉ ቀና ብላችሁ አንብቡላቸው። እሱ እንኳ ፓኬጅ አይፈጅም።