ግራ የገባው ግራ እግር

የሰው ልጅ ግራ እግር ከባድ ኃላፊነት ለምዶ አያውቅም። ሲራመዱ ከቀኙ ጋር ተራ ይጠብቃል፣ ኳስ ሲመጣ ቀኙ ይሽቀዳደመዋል (ግራኞች ይቅርታ ያድርጉልንና)፣ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲነጫነጭ ደግሞ «በግራ ጎኑ ተነስቶ ነው» ተብሎ ጥፋቱ ወደ እሱ ወገን ይላካል። ይህ ዕድሜውን ሁለተኛ ሆኖ የኖረ እግር፣ ባለቤቱ «መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው» ብሎ የቆረጠ ዕለት፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የመኪናዋ አስቸጋሪ ፔዳል ኃላፊ ሆኖ ይሾማል። ማምለጫም የለውም። መሪው በግራ ይሁን በቀኝ፣ የፔዳሎቹ ተራ አይለወጥም፦ በግራ ፍሪሲዮን፣ መሀል ፍሬን፣ በቀኝ ቤንዚን መስጫ።

ሹመቱ ሲሰማ ቤተ ዘመዱ ሁሉ አስተማሪ ይሆናል። ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተሻግሮ የማያውቅ አጎት እንኳ «ዋናው ድፍረት ነው፤ አትፍራ!» ይላል። (ዋናው ቁርጭምጭሚት ነው።) ሃያ ዓመት የነዳው ታላቅ ወንድም ደግሞ የባሰ አስተማሪ ነው፤ እግሩ ያውቀዋል እንጂ አፉ አያውቀውም።

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ የት ነው የምለቀው?»

«እስኪይዝ ነዋ!»

«መያዙን በምን አውቃለሁ?»

«ሲይዝማ ያስታውቃላ!»

ትምህርቱ በዚህ ይጠናቀቃል። መኪናዋም ሁለቴ ዘልላ ትጠፋለች።

ለነገሩ ጋሼ አልዋሸም፤ በእርግጥ ያስታውቃል። ሞተር ቤንዚን ሳይሰጠው ሲንቀሳቀስ እንኳ በደቂቃ 800 ዙር ገደማ ይዞራል። የቆመች መኪና ጎማ ደግሞ ዜሮ ነው። ስምንት መቶን ከዜሮ ጋር በድንገት ማሰር ሯጭን ከግንድ ጋር እንደ ማሰር ነው፤ ወይ ግንዱ ይነቀላል፣ ወይ ሯጩ ይወድቃል። መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ሯጩ ነው፤ ሞተሩ ይጠፋል። ፍሪሲዮን በሁለቱ መካከል የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት ሳህን አለ። በካምቢዮው (ማርሾቹ ባሉበት ሳጥን) በኩል ደግሞ ሁለት ገጹ ሻካራ የሆነ ዲስክ አለ፤ ይህን ዲስክ ባለ ሞላ ብረት ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ይላቀቃሉ፣ ሲለቀቅ ይጣበቃሉ። ሙያው ያለው በመላቀቅና በመጣበቅ መካከል ባለችው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። እዚያች ላይ ዲስኩ እየተንሸራተተና እየተሻሸ ቀስ በቀስ የሞተሩን ፍጥነት ይለምዳል። ጊዜ የተነፈገ ሽማግሌ ምን ዓይነት እርቅ እንደሚያወርድ ይታወቃል።

ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ ሲደርስ ምልክት ይሰጣል። የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ የመኪናዋ አፍንጫ ትንሽ ቀና ይላል፣ መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ እግር ባለበት መቆም አለበት፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ። የጀማሪ እግር ግን ምልክቷን ሲያይ «ተሳካ!» ብሎ ፍም እንደ ረገጠ ሰው ይፈናጠራል። መድኃኒቱ አሰልቺ ስለሆነ ማንም አይወደውም፦ ሰው በሌለበት ዝርግ ሜዳ፣ ቀኝ እግርን ፍሬኑ አጠገብ አዘጋጅቶ፣ ቤንዚን ሳይነኩ፣ በአንደኛ ማርሽ በፍሪሲዮን ብቻ መኪናዋን ማስነሳት፤ ማቆም፤ እንደገና ማስነሳት። ሠላሳ ጊዜ። ጫማውም ሶሉ ስስ ይሁን፤ ወፍራም ሶል የፔዳሉን ወሬ ለእግር አያደርስም። ተማሪው ግን በአምስተኛው ሙከራ ላይ «ሦስተኛ ማርሽ መቼ ነው?» ማለት ይጀምራል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ተማሪም አለ። አንዴ መኪናዋ ከተንቀሳቀሰችለት ግራ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ማንሳት እንደ ክህደት ይቆጥረዋል፤ መንገዱን ሁሉ ሰቅሎት ይሄዳል። በግማሽ የተረገጠ ፍሪሲዮን ዲስኩን ሲያንሸራትት ይውላል፤ የተንሸራተተ ይግላል፣ የጋለ ይሸታል። ተማሪው አፍንጫውን ሸፍኖ «የማን መኪና ነው እንዲህ የሚሸተው? መስኮቱን ዝጉት!» ይላል። ቢዘጋ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም፤ የሚቃጠለው እሱው ነው።

ሞተር መጥፋቱ ነውር አይደለም። ነውሩ የሚመጣው ከጠፋ በኋላ ባሉት አምስት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ከኋላ ክላክስ ይጮኻል። ተማሪው ላብ በላብ ሆኖ፣ ማርሹ አንደኛ ላይ እንዳለ፣ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ቁልፉን ይጠመዝዛል። ያኔ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ራሱ ጎማውን መግፋት ይጀምርና መኪናዋ እንደ እንቁራሪት ወደ ፊት ትፈናጠራለች። (አዳዲሶቹ መኪኖች ይህን ጠባያችንን ስለደረሱበት ፍሪሲዮን ካልተረገጠ አልነሳም ይላሉ።) ሥርዓቱ አጭር ነበር፦ ፍሬን፣ የእጅ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን እስከ ወለሉ፣ ማርሽ ዜሮ፣ ከዚያ ቁልፍ። ክላክስ የሚነፋው ሰውዬ ቢነፋም ቁልፉን አይጠመዝዝልንም።

ስለ ስፖኪዮ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ፊት ማያ አይደለም። የጎኑ ስፖኪዮ የራስን መኪና ጎን በቀጭኑ ብቻ ማሳየት አለበት፤ የቀረው የመንገዱ ነው። እንደዚያም ሆኖ አንድ ሙሉ መኪና የሚደበቅበት ጥግ ስለሚተርፍ አንገት ካልዞረ አይሆንም።

ወደ ማርሽ እንምጣ። ጀማሪ ማርሹን እንደ መዶሻ እጀታ ጨብጦ አንገቱን ደፍቶ ያየዋል፤ ዓይኑን ካነሳ የሚጠፋበት ይመስለዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሰከንድ ማርሽ ያየ ሰው 28 ሜትር በጭፍን ነድቷል ማለት ነው፤ ሁለት አውቶቡሶች ተከታትለው ይቆሙበታል። ማየትም አያስፈልግ ነበር። በአብዛኛው መኪና ላይ ማርሹ ዜሮ ሆኖ ሲለቀቅ በሞላ ኃይል ራሱ ወደ ሦስተኛና አራተኛው መስመር ይመለሳል። እጅን ከፈት አድርጎ በመዳፍ መግፋትና መሳብ ይበቃል። አጥብቆ የጨበጠ ግን ሞላውን ያሸንፈዋል፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲል አንደኛ ይገባበታል፣ ተሳፋሪውም በግንባሩ ዳሽቦርዱን ይሳለማል።

ዳገት ላይ የሰው ሁሉ እውነተኛ ጠባዩ ይወጣል። እጁ፣ ቀኝ እግሩና ግራ እግሩ በአንድ ጊዜ የተለያየ ሥራ የሚይዙት እዚህ ነው። የእጅ ፍሬኑ ተይዟል፣ ማርሹ አንደኛ ገብቷል። ቀኝ እግር ሞተሩ ረጋ ብሎ እስኪያጉረመርም፣ 1,500 ዙር ግድም፣ ቤንዚን ይሰጣል። ግራ እግር ፍሪሲዮኑን እስከሚይዝበት ያመጣል። አፍንጫው ቀና ሲል፣ መኪናዋ «ልቀቁኝ» ስትል፣ ያኔ ብቻ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። የጀማሪ ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። የእጅ ፍሬኑን አስቀድሞ ይለቅና ግራ እግሩን ይጠብቃል፤ ግራ እግር ደግሞ ገና ቦታውን እየፈለገ ነው። መኪናዋ በዚህ መሀል ወደ መጣችበት መመለስ ትጀምራለች። ከኋላ ያለው ሰው ባምፐር ለባምፐር ተጠግቶ የቆመ እንደሆነ (ሁልጊዜ ተጠግቶ ነው የሚቆመው) ትውውቅ ይጀመራል።

ዳገት ያላዋረደው ሾፌር የለምና ማንም አይፈር። ቤርታ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1888 ለባሏ ሳትነግር የሠራውን መኪና አስነስታ ከማንሃይም ወደ ፎርትሳይም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄድ፣ ዳገቱ ሲያቅታት ሁለት ልጆቿን አውርዳ አስገፍታለች። ስትመለስም ለዳገት የሚሆን ማርሽ ይጨመርበት ብላ አሳሰበች። በዚያው ዓመት ከመንግሥት የመንዳት የጽሑፍ ፈቃድ ያገኘው ግን ባልዬው ካርል ነው። ሥራው የአንዱ፣ ወረቀቱ የሌላው መሆን የጀመረው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

በሁለት መኪና መካከል ማቆምን ተማሪ የሚያጠናው እንደ ግጥም ነው። ልምምድ ሜዳው ላይ የተተከለ እንጨት ይኖራል። «እንጨቱ የኋላው መስኮት ጥግ ላይ ሲታይ መሪውን ሙሉ ስበር (አዙር ማለት ነው)፤ ሁለተኛው እንጨት ስፖኪዮ ውስጥ ሲገባ መልስ።» ተማሪው ለአንድ ወር እንጨት ሲያመልክ ይቆይና እውነተኛ መንገድ ላይ ሲወጣ እንጨት የለም! ያለ እንጨት እንዲህ ነው። ክፍት ቦታው ከመኪናዋ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሁን። ከፊተኛው መኪና ጎን ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ርቆ ትይዩ መቆም። የኋላ ባምፐሮቻችን እኩል ሲሆኑ መሪውን ወደ መንገዱ ጠርዝ ሙሉ ሰብሮ፣ በፍሪሲዮን ብቻ፣ በኤሊ ፍጥነት ወደ ኋላ። መኪናዋ 45 ዲግሪ ስትጋደም መሪውን ማቅናት። የፊት ጥጋችን የፊተኛውን መኪና ባምፐር ሲያልፍ ወደ ተቃራኒው ሙሉ መስበር። ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ከቀረ ጥሩ ነው። መሪውን ዘግይቶ የመለሰ ጎማውን ጠርዙ ላይ ያወጣል፣ ቸኩሎ የመለሰ ደግሞ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ሆኖ «ቆሜያለሁ» ይላል። በዚህ ሰዓት ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ሰው ብቅ ብሎ «ና! ና! ና! ና!» እያለ በእጁ ይጠራል። «ቁም» የሚለው ከተነካ በኋላ ነው።

የጽሑፉ ፈተና ቀላል በሆነ ነበር፣ ሰው ምልክቱን ቢያጠና። የሚያጠናው ግን «37 ቁጥር፣ መልሱ ሐ» የሚለውን ነው። የጥያቄዎቹ ተራ የተቀየረ ቀን ሐ ራሷ ታፍራለች። ምልክቶቹ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ያስጠነቅቃል፣ ቀይ ክብ ይከለክላል፣ ሰማያዊ ክብ ያስገድዳል። «ቁም» የሚለው ስምንት ማዕዘን፣ «ቅድሚያ ስጥ» የሚለው የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን የሆነበት ምክንያት አለ፤ ጭቃ ቢሸፍናቸው፣ ከጀርባ ቢታዩ እንኳ በቅርጻቸው ይታወቃሉ።

የተግባር ፈተና ዕለት ደግሞ ቲያትር ነው። ፈታኙ ማየቱን እንዲያይለት ተፈታኙ አንገቱን እንደ ሰጎን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይጥለዋል፤ ዓይኑ ግን ፈታኙ እጅ ላይ ያለው እስክሪብቶ ላይ ነው። እስክሪብቶው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግራ እግር ይንቀጠቀጣል። እንግሊዝ አገር መንጃ ፈቃድ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1904 ሲሆን ፈተናው ግዴታ የሆነው በ1935 ነው። «ዋናው ድፍረት ነው» የሚለው አጎት በዚያ መሀል ባለው ሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ቢወለድ ምንኛ ባማረበት!

ፈቃዱ ይወጣል። ፎቶው ላይ ያለው ሰው የደነገጠ ይመስላል፤ አይፈረድበትም። ቀበቶ፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ እያለ ሲያነበንብ የነበረው ተማሪ በሳምንቱ ፍሬቻውን የሚያበራው ከታጠፈ በኋላ ነው። በወሩ ዳገት ላይ ሞተር የጠፋበትን ሌላ ጀማሪ ሲያይ መዳፉን ክላክሱ ላይ ያሳርፋል።

ግራ እግርም በበኩሉ ሙያተኛ ሆኗል። ሳይነግሩት ይረግጣል፣ ሳይነግሩት ቦታውን ያገኛል። እንዲህ ደህና ሆኖ ሳለ ነው አንድ ዘመድ «እስኪ የኔን ሞክራት» ብሎ የአውቶማቲክ መኪና ቁልፍ የሚሰጠው። ሁለት ፔዳል ብቻ። ግራ እግር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ተቀመጥ ያለው ግን የለም። መብራቱ ቀይ ሲሆን የለመደውን ፍሪሲዮን ፍለጋ ይዘረጋል፣ ሰፊውን የፍሬን ፔዳል ያገኛል፣ እንደ ልማዱም እስከ ወለሉ ይረግጠዋል። አጎት ከኋላ ወንበር ወደ ፊት የተሻገረው ያን ዕለት ነው። አሁን ግራ እግር መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ ተሰብስቦ፣ ከወንበሩ ሥር ተወትፎ ይሄዳል።