ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይፈጅብዎ

«በዚህ የሙከራ ሥራ ላይ እባክዎ ከ2 ሰዓት በላይ አያጥፉ። ሰዓቱን ራስዎ ይያዙ፤ እናምንዎታለን።»

እናምንዎታለን! ለተመራማሪነት ሥራ ሳመለክት በተላከልኝ ፈተና ላይ እንዲህ የሚለኝ ማን ነው? አለማመንን ሙያው ያደረገ ድርጅት። በጎ አድራጎት ነው፤ ግን የሚያሳዝን ፎቶ አይቶ ኪሱን አይፈታም። አጎበር ታደለ ሲባል «ስንት ሕፃን ተረፈ?» ይላል። ቁጥሩ ሲነገረው «አጎበሩ ባይኖርስ ስንቱ ይተርፍ ነበር?» ይላል። እሱም ሲመለስለት «በዚያው ገንዘብ ቫይታሚን ኤ ብንሰጥስ?» ብሎ ኤክሴሉን ይከፍታል። ለተመራማሪነት ያመለከተውን ሰው ግን በራሱ ሰዓትና በራሱ ኅሊና ይተወዋል።

ውጤቱ የታወቀ ነው። ጨዋው አመልካች ሰዓቱ ሲደርስ እጁን ያነሳል። ሠንጠረዡ ግማሽ፣ ማጠቃለያው አንድ መስመር ተኩል። ሌላው ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ሲያሽሞነሙነው ይከርምና «የፈጀብኝ ጊዜ፦ 1 ሰዓት ከ55 ደቂቃ» ብሎ ይሞላል። ከ2 ሰዓት 5 ደቂቃ መቀነሷን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ሁለቱ ወረቀቶች ስማቸው ተሸፍኖ ይታረማሉ፤ አድልዎ እንዳይኖር። በእርግጥም አድልዎ የለም። ውሸታሙ ያለምንም አድልዎ ያልፋል።

የማመልከቻ ፎርሙ ላይ ሌላም ጥያቄ አለ፤ «በቅርቡ ሐሳብዎን የቀየሩበትን ጉዳይ ይግለጹ።» ይቺን ግን ወደድኳት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት ስለምወድ ይሆናል። የበጎ አድራጎቱ ዓለም ደግሞ ለዚህ ተረት ሳይሆን አይቀርም የተፈጠረው። ወረቀቱ ፕሮፖዛሉ ነው፤ ሞኙን እናንተ ፈልጉት።

ፕሌይፓምፕ የሚባለውን ታስታውሳላችሁ? ልጆች የሚሽከረከሩበት መጫወቻ ነው፤ እነሱ ሲዞሩ ከጉድጓድ ውኃ ይሳብና ወደ ታንከር ይወጣል። ልጅ ይጫወታል፣ እናት ትቀዳለች። ማን ይጠላዋል? እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ መንግሥትና ፋውንዴሽኖች 16.4 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገቡለት፤ በደቡባዊ አፍሪካም ተተከለ። በ2009 አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ቁጭ ብሎ አሰላው። ፓምፑ ያገለግላቸዋል ለተባሉት ሰዎች በሙሉ ውኃ እንዲያደርስ ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። ቀኑ 24 ሰዓት ነው ብሎ የሚከራከር ዶነር አልነበረም። ልጆቹ ሲሰለቻቸው እናቶቹ ራሳቸው ይገፉት ጀመር፤ በእጅ ፓምፕ ቀለል ባለ መንገድ ያገኙት የነበረውን ውኃ ለማውጣት። አንድ ማባዛትና አንድ ማካፈል የሚችል ሰው አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ…

እንዲህ ያለውን ሰው ግን ማን ይቀጥረዋል? ቅጥር ማለት እኮ ቃለ መጠይቅ ነው። «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታየዋለህ?» አሁንም ያንገበግበኛል። አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ «እሱ ቀልጠፍ ያለ ነው» አለኝ። ቀልጠፍ ማለት በስንት ይለካል? ሰውዬው ሠንጠረዥ ላይ አማካይ ማውጣት አይችልም። ጨዋታ ይችላል። ጠያቂዎቹን አሳቃቸው፣ አለቀ።

ታዲያ ሽሚት እና ሃንተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት ጥናት ሰብስበው ሲያወጡ አንጀቴ ራሰ። የትኛው መመዘኛ የሠራተኛን ብቃት አስቀድሞ ይናገራል? 1 ማለት እንከን የለሽ ትንቢት ነው። ሥራውን ራሱን አሠርቶ ማየት 0.54 አገኘ። ዘፈቀዳዊው ቃለ መጠይቅ 0.38፣ የሥራ ልምድ ዓመት 0.18። የእጅ ጽሕፈትን አይቶ ጠባይ መገመት 0.02። «የ10 ዓመት ልምድ ያለው» እያላችሁ ማስታወቂያ የምትለጥፉ፣ ከጠንቋይ የምትሻሉት በ0.16 ነው።

ደስታዬ ግን አልዘለቀም። በ2022 ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን እንደገና ፈትሸው አሠርቶ ማየትን ወደ 0.33 አወረዱት። አንደኛ የወጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቃለ መጠይቅ፤ 0.42። የተዋቀረው ቃለ መጠይቅ ማለቴ ነው፤ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት፣ ነጥብ አሰጣጡም አስቀድሞ የተወሰነው። እኔን ያስቀየመኝ ግን የጠያቂዎቹ ሳቅ እንጂ መዋቅር ስላልሆነ ጥናቱ ቂሜን አይነካውም።

ወደ 2 ሰዓቷ ልመለስ። ሊንኩ ሲከፈት መቁጠር ጀምሮ ጊዜው ሲያልቅ የሚዘጋ ፎርም መሥራት ቀላል ነው፤ የሚያደርጉትም አሉ። የሙከራውን ሰዓት የሚከፍሉም አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። የማይከፍሉት ናቸው የሚያናድዱኝ። የለጋሹን እያንዳንዷን ሳንቲም ይከታተላሉ። የመቶ ምናምን አመልካች ሰዓት ግን ኤክሴላቸው ላይ ረድፍም የለውም። ይሄ ወጪ አይደለም? የኛ ስለሆነ ነው? ከዚያ «ከአመልካቾች ብዛት የተነሳ ለእያንዳንዱ አስተያየት መስጠት አንችልም» የምትል ኢሜይል ትመጣለች። አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው የምትመጣው።

የሚገርመው ደግሞ ማወዳደሪያ የላቸውም። በ2019 ባነርጂ፣ ዱፍሎ እና ክሬመር የኢኮኖሚክስ ኖቤል የወሰዱት ድህነትን በሙከራ ስላጠኑ ነው፤ በዕጣ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው ሳይሰጡ ልዩነቱን ማየት። እነዚህ ድርጅቶች በዚህ ይምላሉ። የራሳቸው ፈተና ጎበዙን ከሰነፉ መለየቱን ግን በምን ያውቃሉ? ያለፈውን ቀጠሩት፣ የወደቀውን ሸኙት፤ የተሸኘው ቢቀጠር ምን ይሠራ እንደነበር ያየ የለም። ማስረጃ ከተባለ ከወደቁት ጥቂቱን በዕጣ ይቅጠሩና ከሁለት ዓመት በኋላ ያወዳድሩን። እኔ ለሳይንስ ስል ዕጣው ውስጥ እገባለሁ። ደመወዙ ግን ካለፉት እኩል ይሁን፤ አለበለዚያ ንጽጽሩ ይበላሻል።