መጀመሪያ ትጥቁ፣ ከዚያ ምርጫው

አንድ ጋዜጠኛ የጻፈው ጽሑፍ ደቡብ ሱዳን እንደምንም ብላ ምርጫ ካካሄደች ሰላም ይመጣል ይላል። እኔ አልስማማም። አንጎላን እንይ እስቲ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 መንግሥቱም አማፂዎቹም ጦራቸውን በወጉ ሳይበትኑ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ በመጀመሪያው ዙር ፕሬዚዳንቱ ዶስ ሳንቶስ ሲመሩ የአማፂዎቹ መሪ ሳቪምቢ ምርጫው ተጭበርብሯል ብሎ ወደ ጦርነት ተመለሰ፣ ሁለተኛው ዙር ሳይካሄድ ቀረ፣ እልቂቱም እስከ 2002 ዘለቀ። ጠመንጃ በእጁ ያለ ሰው ሽንፈትን ለምን ብሎ ይቀበላል?

ሞዛምቢክ ግን አልቸኮለችም። የመንግሥቱና የአማፂዎቹ የሰላም ስምምነት በ1992 ሮም ላይ ተፈረመ፣ ምርጫው ተዋጊዎቹ ካምፕ ገብተው እስኪሰናበቱ ድረስ ወደ ጥቅምት 1994 ተገፋ። ደግሞ ወታደሩን ባዶ እጁን አልሸኙትም። የሁለት ዓመት ክፍያ ተመደበለት፣ እሱንም በየጊዜው ሊኖርበት በመረጠው አካባቢ ባንክ ሄዶ ይቀበል ነበር። ትልቁ ሥራ እንዲህ ያለው ነው!

ደቡብ ሱዳንም በ2018 አዲስ አበባ ላይ የሰላም ስምምነት ስትፈርም የጋራ ጦር አቋቁማለሁ ብላ ነበር። ምርጫው ከ2024 ወደ 2026 ሲራዘም ጊዜው ለምን ዋለ? ጋዜጠኛው መጠየቅ የነበረበት ይሄንን ነው። ወታደሩ እኮ ወራት ሙሉ ደመወዝ ሳያገኝ የሚከርምበት አገር ነው።